የአረመኔ አገር ወዴት ነበር?

ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ ኢትዮጵያን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው አቅርበዋታል። አፍሪካን ሊቀራመቱ የተነሡት ነገሥታት ክርስቲያን ነን ባዮች ስለነበሩ፣ በሚገባቸው መንገድ መናገራቸው ነበር፤ ብልህነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ደሴቲቱ ሳትሆን ባሕሩ ነው። ያ ባሕር የተባለው አገር ሰው የሚኖርበት፣ የሚታረስ፣ ልጅ የሚዳርበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚፈርድበት አገር ነበር። ደብዳቤው ራሱ የጥንቱን ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ እመልሳለሁ ይላል። እንግዲህ ባሕር የተባለው ያው ወደፊት የእኛ ይሆናል የተባለው ምድር ነው።

ዛሬ አረመኔ ስንል ሃይማኖት ትዝ አይለንም። ልጁን አስሮ በጅራፍ የሚገርፍ አባት ያዩ ጎረቤቶች «ምን ዓይነት አረመኔ ነው!» ይላሉ፤ ሰውየው ጧት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቃሉ የጭካኔ ስም ሆኗል። ከዚያ በፊት ያላመነ ሰው ስም ነበር። ከዚያም በፊት የአንድ ሕዝብ ስም ነበር፤ ያ ሕዝብ አራማውያን ናቸው። በሶርያ ምድር ክርስትናን የተቀበሉት ወገኖች ራሳቸውን ሱርያውያን ብለው ሲጠሩ፣ የቀድሞውን ስም ላልተጠመቀው ተዉለት። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት የሚሉት ቃላት ከአራማይክ ወደ ግእዝ ሲገቡ አረሚም አብሯቸው ገባ። አረመኔም የእርሱ ዘመድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። አራማይክ ክርስቶስ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ደንቆሮውን ሲፈውስ የተናገራት «ኤፍታህ» በወንጌል ውስጥ እንዳለች የቀረችው ከዚሁ ቋንቋ ነው። ጌታ የተናገረበት ቋንቋ ባለቤቶች ስም ጌታን ለማያውቅ ሰው መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። አሕዛብም ከዚህ አይርቅም። በነጠላው ሕዝብ ስንል የምንኮራበት ቃል ነው፤ በግእዙ ብዙ ቁጥር ሲነገር ግን ከደጅ ውጭ የቆመ ሰው ሆነ።

እኛም ከደጅ ውጭ ነበርን። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጻቸው የመጀመሪያ ጽሑፎች ራሱን የጣዖቱ የማሕረም ልጅ ይላል፤ በኋላ ባስቀረጸው ደግሞ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። በአንድ ሰው ዕድሜ አክሱም ከአረሚ አገርነት ወደ ክርስቲያን አገርነት ተሻገረች።

የዳሞትም ነገር እንዲሁ ነው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱ ንጉሥ ሞተሎሚ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ሊያገባት ያሰበ፣ ኋላም በጻድቁ እጅ ያመነ አረማዊ ነው። ያ ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ ነበር። የአገሩ ሰዎች ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ሲሰፍሩ ስሙም አብሯቸው ተሻገረ። ዛሬ ዳሞት የሚባለው ማሕሌት የሚቆምበት፣ ቅኔ የሚቆጠርበት አገር ነው። ታዲያ የአረመኔው አገር ወዴት ሄደ? ድንበሩ ሁልጊዜም ከተናጋሪው ቀጥሎ ካለው ሸለቆ ማዶ ነው።

ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ተናግሮ፣ በጦርነት የተማረከ ግን ባሪያ እንዲሆን ይፈቅዳል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1548 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን እንዳይሸጥ በአዋጅ ከለከሉ፤ ጥበቃው ለክርስቲያኑ ነበር። በአውሮፓም የሮማው ጳጳስ ኒኮላስ አምስተኛ በ1452 እ.ኤ.አ. ለፖርቱጋል ንጉሥ የሰጡት ሥልጣን ሙስሊሙንና አረማዊውን ወግቶ ለዘለቄታ ባርነት መዳረግን ይጨምር ነበር። የአገር ስም የሰው ዋጋ መተመኛ የሆነው እንዲህ ነው። ሰው ገዝቶ ያደረ ጌታ ራሱን ጨካኝ አላለም፤ አረመኔ የተባለው የተሸጠው ነው። ጭካኔው ከሻጩ ወጥቶ በተሸጠው ስም ላይ ተለጠፈ ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤው በተጻፈ በአራተኛው ዓመት፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ከዚያ «ባሕር» አንዱ የሆነው ወላይታ ተወጋ። ንጉሡ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ተማርኮ ለባርነት ተነዳ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

የምኒልክ ደብዳቤ ለነፃነታችን የቆመ ታላቅ ሰነድ ነው፤ ይነበብ፣ ይጠና። የታሪክ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተማሪዎቻችሁ የአረመኔው ባሕር ላይ ሲደርሱ ንባቡን ጥቂት አቁሙት። ቃሉ በዚያ ዘመን ያላመነ ማለት እንደነበር ንገሯቸው። ከዚያም የባሕሩን ነዋሪዎች በየስማቸው ጥሩላቸው፦ ወላይታ፣ ኮንሶ፣ ቦረና እያላችሁ። ከልጆቹ መካከል አያቱ ከዚያ የመጣ መኖሩ አይቀርም።