ራማን የሳለው ሙስሊም

ሰማያዊ ገላ ያለው ራማ ቀስቱን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ አሥር ራስና ሃያ ክንድ ያለው ራቫና አለ። ከዚያው ወረቀት ላይ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ያው ራማ እንደገና ይታያል፤ ታሪኩ ወደፊት ሄዷል ማለት ነው። ሚኒያቸር በሚባሉት ትናንሽ የህንድ ሥዕሎች አንድ ገጽ አንድ ሙሉ ታሪክ ይተርካል።

የሂንዱውን አምላክ እንዲህ አድርጎ የሳለው ሰው ሳሂብዲን ይባላል። ሙስሊም ነበር።

ሥራውን ያዘዘው የሜዋር ገዥ ጃጋት ሲንግ ነው። ከ1649 እስከ 1653 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከ400 በላይ ሥዕሎች ያሉት ራማያና ተዘጋጀ። ሳሂብዲን ከዋናዎቹ ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። ጽሑፉን በእጁ የገለበጠው ሂራናንዳ ደግሞ የጃይን እምነት ተከታይ ነው። ያሠራው ሂንዱ፣ የጻፈው ጃይን፣ የሳለው ሙስሊም።

ዘመኑ የፍቅር ዘመን ስለነበረ አይደለም። ሙስሊሙ የሙጋል ንጉሥ አክባር የሜዋርን ምሽግ ቺቶርን በ1568 በብዙ ደም ይዞታል። በ1615 ሜዋር ለሙጋሎች ገብራለች። ቂም ለመያዝ በቂ ምክንያት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን የወራሪዎቹን ሃይማኖት ይጋራል ብሎ የሳሂብዲንን ብሩሽ አልነጠቀም። አክባርም ቢሆን ማሃባራታን ወደ ፋርስኛ አስተርጉሞ በሥዕል አስጊጦታል።

አሁን ሦስት መቶ ዓመት እንሻገር። ማቅቡል ፊዳ ሁሴን እንደ ሳሂብዲን ሙስሊም ነው፤ እንደ እሱም የሂንዱ አማልክትን ሳለ። ቀደም ሲል እርቃናቸውን የሳላቸው አማልክት በ1996 መጽሔት ላይ ሲወጡ ክሱ ዘነበበት። በ1998 ቤቱ ተጠቃ። በ2006 አገሩን ለቀቀ። በ2008 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በብልግና የቀረቡበትን ክሶች ውድቅ ቢያደርግም አልተመለሰም። በ2010 የኳታርን ዜግነት ወሰደ፤ በ2011 በ95 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ።

«ሳሂብዲን አምላክን እርቃኑን አልሳለም» የሚል ይኖራል። የአማኝ ቅሬታ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በካጁራሆ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ግድግዳ ላይ እርቃን ምስሎች ከተቀረጹ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ዛሬም የአገር ኩራት ናቸው። ጥያቄው «ምን ተሳለ?» ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱን ከሥዕሉ ላይ መፈለግ ይቻል ነበር። «ማን ሳለው?» ሲሆን ግን ሥዕሉን የሚያይ ሰው ይጠፋል፤ ሁሉም የሚያየው የሠዓሊውን ስም ነው። ስም ደግሞ ተከራክሮ አይረታም።

የጃጋት ሲንግ ራማያና አብዛኛው ክፍል ዛሬ የሚገኘው ለንደን ነው። ጥራዞቹ ለአንድ የብሪታኒያ መኮንን በስጦታ ተሰጥተው ወጡ። ሁሴንም ያረፈው እዚያው ከተማ ነው። መጽሐፉ ተሰጥቶ ሄደ፤ ሰውየው ተገፍቶ።

የመጽሐፉ የተበታተኑ ገጾች በ2014 ኢንተርኔት ላይ አንድ ላይ ተሰብስበዋል። ሁሴን ግን በሕይወት ሳለ አገሩን ደግሞ አላያትም።