የነካ እጁን ያንሳ!

ካርቱም ጦርነት ሳይነሳባት በፊት፣ የሐበሻ ልጆች በሚበዙበት አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ተማሪ አቡ ሐመድ በተባለ ቦታ ወርቅ ከሚያወጣ ዘመዱ ያገኘውን ሜርኩሪ በመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ መጣ። ወርቅ አውጪዎቹ ከተፈጨው ድንጋይ ጋር የሚያሹት ወርቁን ለቅሞ እንዲይዝላቸው ነው። ልጆቹ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ማየቱን ወደዱት፤ የማይወድ ልጅ የለም። እኔ ስደርስ ወለሉ ላይ ፈስሶ ክፍሉ ተጠርጓል። መጥረጊያ ደግሞ ጠብታውን በታትኖ በየስንጥቁ ይሸጉጠዋል እንጂ አያነሳውም።

ኃላፊው ሰልፍ ላይ «የነካ እጁን ያንሳ! ወላጁን ይዞ ይመጣል» አሉ። አንድም እጅ አልተነሳም።

ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት «ውጦታል ወይ?» ብለው ነው። የተዋጠውን ሆድ እምብዛም አይቀበለውም፤ የሚያስፈራው ትነቱ ነው። ሽታ የለው፣ አይታይ! ከተነፈስነው 80 በመቶ ያህሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ካርቱም ሙቀቷ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ትነቱ ይብሳል፤ ወለል ላይ የፈሰሰውን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ለወለል የሚቀርበው ልጅ ይስበዋል።

የእኛ ጥያቄ ግን አንድ ነበር፦ መርዙ የት የት ደረሰ? ይህን የሚያውቁት ልጆቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፈርተዋል።

አንዲት ልጅ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣም አለች። ብቻዋን ስጠይቃት ዘረጋችልኝ። የአያቷ የወርቅ ቀለበት እንደ ብር ነጥቷል፤ ሜርኩሪ ወርቅ ሲያገኝ እንዲያ ነው የሚያደርገው። «ቲቸር፣ እማዬ ትገድለኛለች» አለችኝ። እንደማትቀጣ ቃል ገባሁላትና ቃሌን ኃላፊውም እንዲያጸኑት ለመንኳቸው። ግቢው ውስጥ መሬት ላይ በጠመኔ ክፍሉን ሣልን። ማን የት ተቀምጦ ነበር? ማን በእስክሪብቶ ክዳን ተካፈለ? በየትኛው ጫማ፣ በየትኛው ቦርሳ ወደ ቤት ሄደ? አንዱ ከፍራሹ ሥር እንደደበቀው የነገረን ያኔ ነው፤ ታናናሾቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ።

ከዚያ በኋላ የሽንት ምርመራ ማን እንደሚያስፈልገው ለየን። ሰውነት ከገባበት ሜርኩሪ ግማሹን ለማስወጣት ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅበት፣ ትንሽ የዘገየ ምርመራም ሊያገኘው ይችላል።

ማታ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። እናቷ አልተቆጡም። ወርቁ ይመለስ እንደሆነ ብለው ቀለበቱን ከሰል ላይ ሊያደርጉት ነበር። «እትዬ፣ እሳት እንዳያገኘው!» ብዬ ተቀበልኳቸው፤ ሲሞቅ ሜርኩሪው ተኖ ቤቱን ይሞላዋልና። ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ከትተን ከቤት አወጣነው፤ መስኮቶቹንም ከፈትን።