ሳይጠሩት አቤት ያለው ቅንጣት

ስትሪንግ ቲዎሪ ዛሬ ስበትንና ኳንተም ፊዚክስን አስታርቃለሁ የሚል ባለ ግርማ ንድፈ ሐሳብ ነው። የትውልድ ታሪኩን ያየ ሰው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሲወለድ ስለ ስበት ያሰበ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ)። ጋብሪኤሌ ቬኔዚያኖ የተባለ ወጣት ጣሊያናዊ የአቶምን እምብርት አስሮ የሚይዘውን ጠንካራ ኃይል ያጠና ነበር። በዚህ ኃይል የሚገዙ ቅንጣቶች ሲጋጩ እንዴት እንደሚበተኑ የሚያሰላ ቀመር ፈልጎ አገኘ። ቀመሩ አዲስ አልነበረም፤ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጠናው ቤታ ፈንክሽን ነው። መጽሐፍ ሲያገላብጥ ድንገት ዐይኑ ገባ እየተባለ ይወራል። ወሬው ይጣፍጣል፤ ሰውየው ግን ጥያቄውን ከባልደረቦቹ ጋር ሲያላምጠው ነው የከረመው።

ቀመሩ ሠራ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ናምቡ፣ ኒልሰንና ሰስኪንድ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በየፊናቸው አንድ ቦታ ደረሱ፤ ቀመሩ የነጥብ ሳይሆን የሚርገበገብ ክር (ስትሪንግ) ሒሳብ ነው። ናምቡማ በ1970 ሐሳቡን ኮፐንሃገን ላይ ሊናገር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽታበት ሳይሄድ ቀረ።

ክሩ ጣጣውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ፣ 26 ዳይሜንሽን ካልሰጣችሁኝ አልሠራም አለ። ቀጥሎ፣ መጠነ ቁስ የሌለውና ስፒኑ (የውስጥ ሽክርክሩ መጠን) 2 የሆነ ቅንጣት ከርግብግቡ መካከል ሳይጠሩት አቤት አለ። በጠንካራው ኃይል ዓለም እንዲህ ያለ ፍጡር የለም። ሊያስወጡት ደከሙ፤ አልወጣ አለ። ከ1973 ወዲህ ጠንካራውን ኃይል የሚያብራራው የኳርኮች ንድፈ ሐሳብ ሲሳካ አብዛኛው ሰው ክሩን ጥሎ ሄደ።

በ1974 ሼርክና ሽዋርዝ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ በጃፓንም ዮኔያ ለብቻው፣ ጥያቄውን ገለበጡት፦ ቅንጣቱ ትክክል ሆኖ የተሳሳትነው እኛ ብንሆንስ? እንዲህ ያለ ቅንጣት ከሌሎች ጋር ሳይጣረስ መኖር ከፈለገ፣ በረጅም ርቀት የአንስታይንን የ1915 የስበት ሕግ ከመታዘዝ በቀር ምርጫ እንደሌለው ቀድሞም ይታወቅ ነበር። የተጠየቀው ዋጋ ክሩን ወደ 20 ዜሮ ያህል ማሳነስ ብቻ ነው። ሐሳቡን ለዓመታት ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነበር። ሼርክ በ1980 አረፈ፤ ሽዋርዝ ግሪን ከተባለ ባልደረባው ጋር በ1984 ባወጣው ሥራ ዓለም ፊቱን ወደ ክሩ ሲያዞር አላየም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ስሌት ነው። ክሩን በጠመመ ኅዋ ውስጥ አስቀምጡት። ስለ ፕላኔትም ሆነ ስለ ፀሐይ አትጠይቁት፤ ክሩ ሲንቀሳቀስ የሚያሰምረው ገጽ ላይ ያለው የኳንተም ሒሳብ፣ መለኪያው ቢተልቅ ቢያንስ እንዳይለወጥ ብቻ ጠይቁ። መልሱ በክሩ ላይ ሳይሆን በኅዋው ላይ የተጣለ ግዴታ ሆኖ ይመጣል፤ ኅዋው የአንስታይንን የስበት እኩልዮሽ ማሟላት አለበት! ከኋላው ጥቃቅን ጭማሪዎች ይከተላሉ፤ የሚለካቸው መሣሪያ ግን እስካሁን የለም።

ተቺዎቹ «የምናውቀውን ነገራችሁን፤ የማናውቀውን ንገሩን» ሲሉ ሙግታቸው ይገባኛል። ክሩ ኅዋውን ስላዘዘበት መንገድ «እንዲያው ገጥሞለት ነው» ቢሉኝ ግን አልሰማም።