ከደንገጎ መልስ

ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተሬ ላይ ስጨምር ኖርኩ። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብቼ ባዶ እጄን የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁለት ነጭ ፓውዛ፣ የስልክ ማሰሪያ፣ ቻርጀር፣ የጭነት ላስቲክ ገዛሁ። በያጅ ዘንድ ወስጄ ደግሞ ፖርቶ መጋላ፣ በግራና በቀኝ የላሜራ ሳጥን፣ ከፊት ወፍራም የመከላከያ ብረት አሠራሁላት። ህንድ ሠራሽ 150 ሲሲ ናት፤ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ለመመላለስ የምትበቃ። እኔ ግን ሐረርና ጅግጅጋ የምትወስደኝ የሩቅ መንገድ ሞተር እንድትሆን ፈለግኩ፤ ሌላ የማውቀው መልክ ስላልነበረኝም በቪዲዮ የማያቸውን ትልልቆቹን አስመሰልኳት። ተዋናዮቹ ዩዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን በ2007 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ተነስተው፣ በአገራችን በኩል አልፈው ኬፕታውን የገቡበት ቢኤምደብሊው 1200 ሲሲ ገደማ ነው። የእኔን ስምንት እጥፍ ማለት ነው። እሱ ሳጥን ቢሸከም ያምርበታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታኅሣሥ 19 ታናሽ ወንድሜን ከኋላ አድርጌ ቁልቢ ገብርኤል ደርሰን ስንመለስ ነው ነገሩ የገባኝ።

መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ሃያ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጥምዝምዝ ነው። ሲወጡት ሞተር ይፈትናል፤ ሲወርዱት ፍሬን። እኔ ደግሞ ለመውጣቱ ብቻ ነበር የተጨነቅኩት። ግማሽ መንገድ ወርደን፣ ከኋላችን አይሱዙ ክላክስ እያደረገ፣ የኋላውን ፍሬን ስረግጠው እግሬ እስከ መጨረሻው ገባ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ማርሽ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ መለስኩና የፊቱን ፍሬን እየቆነጠጥኩ ተራራው ጥግ አቆምኳት። ወንድሜ ምንም አላወቀም፤ ለሽንት የቆምን መስሎት ወረደ። የፍሬኑ ታምቡር ላይ ከጠርሙሴ ውሃ ጠብ ባደርግበት ጭስስ አለ። እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳያይብኝ ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። እሷ፣ እኔ፣ ወንድሜና ጭነቱ ተደምረን 250 ኪሎ አናንስም። ያን ያህል ክብደት 800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚወጣው ጉልበት ስድስት ሊትር ውሃ ያፈላል። ነፋሱና ሞተሩ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን የምትውጠው ግን መዳፍ የማታህል የፍሬን ሸራ ናት።

በማግስቱ ቶርኖ ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው ጎልማሳነታቸውን ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከገባ ጀምሮ ያ ጋራዥ የጠፋ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር፤ ብረት አቅልጦ፣ ቶርኖ ላይ ልጦ ያወጣዋል። የከተማችን የእጅ ሙያ ብዙው የተቀዳው ከዚያ ይመስለኛል። ሽማግሌው ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "አቦ፣ ይሄን ሁሉ ብረት በል አውርድና መዝነው" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። አጠገባችን ካለው እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ሳጥኑን፣ መከላከያውን፣ የመብራቱን ማሰሪያ አንድ በአንድ ሰቀልን። 31 ኪሎ! ወንድሜ ያኔ 48 ኪሎ ነበር።

ታምቡሩ ከመጋሉ የተነሳ ክብነቱን ስቶ ነበር፤ በስሱ ላጡልኝና አዲስ ሸራ ገባለት። ከዚያ የካቴናዋን የፊት ጥርስ በአንድ በሚያንስ ቀየርኩላት። ይህች ትንሽ ነገር ዳገቱን አቀለለችልኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስወርድ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ አደረገች። ለሩቅ መንገድ ካደረግኩላት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው፤ ከውጭ ደግሞ አይታይም።

የቀረው እንክብካቤ ነው። ድሬ አሸዋዋ ብዙ ነው፤ ዘይት የጠጣ ካቴና አሸዋ ሲይዝ እንደ ሞረድ ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በናፍጣ አጥባለሁ፣ ከዚያ እቀባለሁ፣ ትርፉን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ሲላላ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ዝቅ ማለት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እወጥረዋለሁ። ፊልትሮውን በየሁለት ሳምንቱ አራግፋለሁ። ካንዴላውን ሐረር ስደርስ ፈትቼ አያለሁ፦ ደጋው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ካርቡሬተሩ ደግሞ የሚሰጠው ቤንዚን ስለማይቀንስ፣ ቡናማ የነበረው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ጥቂት ቀን የምቆይ ከሆነ አየሩን ትንሽ እከፍትላታለሁ።

ታይዋንን አልተውኩም። አሁን የምገዛው ግን ጨርቅ ቦርሳ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያና ጥሩ መፍቻ ነው። የገበያችን ሞክሼ የሆነችው ደሴት ራሷ 23 ሚሊዮን ሰውና ከ14 ሚሊዮን በላይ ሞተር አላት፤ ኪምኮና ኤስዋይኤም የሚባሉት የሚሠሩት እዚያ ነው። አብዛኛው ግን ትንሽ ስኩተር ነው። ብዙዎች ደሴቷን ዞረው የሚጎበኙትም በዚያው ስኩተር ነው፤ ይህን ሳውቅ ስለ 150 ሲሲዋ የነበረኝ ቅሬታ ለቀቀኝ።

የወረደው ብረት እናቴ ጓሮ የዕቃ መደርደሪያ ሆኗል። እኔ ደግሞ ከደንገጎ በወረድኩ ቁጥር ያቺው ተራራ ጥግ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት ወንድሜን ከኋላዬ አድርጌ መጥቼ፣ መዳፌን ታምቡሩ ላይ አሳርፌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።