ዋስሽ ማን ነው?

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ወደ ፊት ልትሠሪው ስለምትፈልጊው ሥራ ጻፊ» ባሉኝ ጊዜ ብዙ አላሰብሁም። የምጽፈው ባለፈው ክረምት ስለ ደረሰብኝ ነገር ነው። ከአንዋር መስጊድ ሰፈር ርቄ ባለመሄዴም አንባቢዎች እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

የተወለድሁት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። አባቴ የጭነት መኪና የሚያራግፉ ወዛደር ናቸው፤ እናቴ ጉልት ትቸረችራለች። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. መንግሥታችን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የኢንተርኔት ትምህርት ሲከፍት ወሬው ሰፈራችንም ደረሰ። ትምህርቱ ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት መጣሽ የሚልም የለበትም። እኔም እናቴ ማታ ከጉልት ስትመለስ ስልኳን እየተቀበልሁ፣ ከራት በኋላ ጥቂት ጥቂት እያልሁ፣ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚሰጠውን ጨረስሁ። የምስክር ወረቀቱን ለአባቴ አሳየኋቸው። ፊደል ስለማያውቁ ከስሜ ቀጥሎ ያለው የእርሳቸው ስም መሆኑን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «እንግዲህ ሥራ ትገቢያለሽ» አሉኝ።

ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ኮምፒውተር የሚጠግኑ፣ ለየመሥሪያ ቤቱም ኔትወርክ የሚዘረጉ አንድ ሐጂ አሉ። ወረቀቴን ይዤ ሄድሁና ክረምቱን ያለ ደመወዝ እንዳገለግልና እንድማር ለመንኋቸው። አነበቡትና «ጎበዝ ነሽ ልጄ፤ ዋስሽ ማን ነው?» አሉኝ። አባቴ ናቸው አልሁ። «አባትሽ ማን ዘንድ ይሠራሉ?» ማንም ዘንድ፤ የመጣውን መኪና ነው የሚያራግፉት። ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁና «ሌላ ጊዜ ነይ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት፣ ኮምፒውተር የሚከፈትበትን ቁልፍ ገና የሚፈልግ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ አጎቱ ስለ ተናገሩለት ብቻ እዚያው ሱቅ ገባ። አልቀናሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዳሩ ግን ሐጂ በደሉኝ ለማለትም አልችልም። በመርካቶ ያለ ዋስ አንዲት ጣቃ ጨርቅ እንኳ ከሱቅ አትወጣም፤ ስንት ሺህ ብር የሚያወጣ ላፕቶፕ ታዲያ ለማያውቋት ልጅ እንዴት ይስጡ?

ቤተልሔም ደሴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ዛሬ በ«ኤኒዋን ካን ኮድ» ድርጅቷ ልጆችን ፕሮግራም መጻፍ የምታስተምረው እርሷ፣ በሐረር ሕፃን ሳለች ለልደቷ ከአባቷ ገንዘብ ብትጠይቅ እምቢ ስላሏት በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዲዮ እያቀናበረችና ለደንበኞች ሙዚቃ በስልክ እየጫነች መሥራት እንደ ጀመረች ተናግራለች። ታሪኳን ድሮ ስሰማ ጉብዝናዋን ብቻ ነበር የማደንቀው። በዚያ ሳምንት ግን ሱቁ የአባቷ እንደ ነበረ ትዝ አለኝ።

ነገሩን ለኮምፒውተር መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች የትብብር ሥልጠና የሚባል እንዳላቸው፣ ከፊሉን ጊዜ በትምህርት ቤት ከፊሉን በድርጅት እንደሚማሩ አስረዱኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሠለጠነ ሰው ከሌላ ቦታ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ የራሱን ማሠልጠኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 መክፈቱን ጨመሩልኝ። ከዚያም ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ በእግራቸው ከእኔ ጋር ሱቁ ድረስ ወረዱ። ደብዳቤው አጭር ነበር። ተማሪዋ ብታጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣሁ ሥራዋን አያለሁ ይላል። ሐጂ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ዋስ ማለት እንዲህ ነው» አሉ።

ከእኔ ሌላ አንድ ልጅም በዚያ ደብዳቤ ገባ። ከወላይታ መጥቶ ቀን ሊስትሮ እየሠራ ማታ የሚማር ነው፤ በአዲስ አበባ አንድም ዘመድ የለውም። መጀመሪያ የተሰጠን ሥራ የኔትወርክ ገመድ ራስ ማሰር ነበር። በገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ብለው ይደረደራሉ። (ሰማያዊዎቹ በአረንጓዴዎቹ መካከል የሚገቡት የመካከሉ ቦታ ቀድሞ ለስልክ መስመር የተመደበ ስለ ሆነ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ከሱቁ ሠራተኞች ነው።) ቅደም ተከተሉን በቃሌ እያወቅሁ በፒንሳ ስጫን አራት ራስ አበላሸሁ። ጫማ በመጥረግ ጣቱ የፈጠነው ጓደኛዬ ግን በሁለተኛው ሙከራ አሳመረው። እኔም በፋንታዬ የሐጂን የዕቃ መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛወርሁላቸው። ሦስት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ማተሚያም ስለ ተገኘ ከልባቸው ሳቁ። ያን ቀን ምሳ ያበሉን እርሳቸው ናቸው።

አሁን ሐጂ ለሚመጣው ክረምት «ስንት ልጅ ትልኩልኛላችሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። መምህራችን ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ያ ደብዳቤ የተጻፈው በእርሳቸው ስም እንጂ በትምህርት ቤታችን ስም አይደለም። በርእሰ መምህራችን ስም እንዲጻፍ ማመልከቻ አስገብተናል፤ መልሱን እንጠብቃለን። ይህን ከሚያነቡት ወላጆች መካከልም ሱቅ ወይም ድርጅት ያላቸው እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ዘመድ የላቸውምና በደብዳቤ መግባት የሚፈልጉ፣ እስከ ትናንት ስማቸውን የሰጡኝ ተማሪዎች 11 ናቸው።