የደብረ ታቦር ደጋና የልጃገረዶች ስንቅ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው ወደ ጎንደር ያቀናል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደጋው ይወጣል። ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ወደ ኋላ እየቀረ፥ የአለም ሳጋ ደን እየታለፈ፥ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተወጣ በኋላ ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ከከተማዪቱ ወዲያ በስተምሥራቅ ቁመቱ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ቆሟል፤ ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞችም ከዚሁ ተራራ ወገን ፈልቀው ወደ ጣና ይወርዳሉ።

ከተማዪቱ በታሪክ ባለ ስም ናት። መጠሪያዋ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ የተወሰደ ነው። በዘመነ መሳፍንት ራስ ጉግሣ ቆርቁረዋት ለልጅ ልጃቸው ለራስ ዐሊ መቀመጫ ሆናለች፤ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ከትመውባታል። በአጠገቧ በምትገኘው በጋፋት የባዕድ አገር ጠቢባንን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እንዳሠሩ፥ መድፉም ገደልና ዳገት ተሻግሮ እስከ መቅደላ እንደ ተጎተተ የታወቀ ነው።

ነገር ግን ይህ አገር ከመድፉ አስቀድሞ በትምህርቱ የተከበረ ነበረ። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከየአገሩ ሊቃውንትን ሲስቡ ኖረዋል። ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም፥ ባላገሩ ካለችው እንጀራ ይቆርስለታል። በዚህም ዐይነት ወላጁ በቅርብ የሌለ ልጅ አያሌ ዓመት ተምሮ መምህር ለመሆን ይበቃል። ይህ በዛሬ ቋንቋ ቢጠራ የነፃ ትምህርት ዕድል ይባላል፤ ከፋዩም መንደሩ ነበረ።

ለሴት ልጅ ግን ይህ መንገድ ክፍት አልነበረም። ብቻዋን ከአገር ወደ አገር መዞር፥ ውሻ እየጮኸባት በየደጁ መለመን፥ በተማሪዎች ጎጆ ማደር አይቻላትም። በጎጃም የቅኔ መምህርት ሆነው አያሌ ደቀ መዛሙርት ያወጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሴት አእምሮ ከቅኔው ጥልቀት እንደሚደርስ አሳይተዋል፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ትምህርቱን ያገኙት በቤታቸው ከአባታቸው ነው። በዘመናዊው ትምህርትም ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ተማሪ ቤት ልጃገረዶችን በአዳሪነት ይቀበል ነበር። ከዚህ የምንረዳው ለሴት ልጅ ትምህርት ማደሪያው ከመምህሩ እኩል የሚያስፈልግ መሆኑን ነው።

በዛሬው ዘመን በፋርጣም ሆነ በጋይንት፥ በእስቴም ሆነ በእብናት በየቀበሌው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤት ተሠርቷል። ስምንተኛ ክፍልን የፈጸመች ልጅ ግን ከዚያ በላይ ለመማር ብዙውን ጊዜ ወደ ወረዳው ከተማ፥ ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ ክምር ድንጋይ ወይም ወደ ደብረ ታቦር መውረድ አለባት። በየቀኑ ተመላልሶ መማር ለሩቅ መንደር ልጅ የማይሆን ስለ ሆነ፥ ሁለት ሦስት ልጃገረዶች ተባብረው ከከተማ ሰው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ መንደራቸው ይወጣሉ፤ እሑድ የሳምንቱን እንጀራና ሽሮ፥ ድንቹንና የገብሱን ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። በክረምት እንጀራው ይሻግታል፤ በጉና ብርድ ማገዶ ያልቃል፤ ኪራዩ ግን ቀኑን ጠብቆ ይጠየቃል።

እንግዲህ የመንግሥት ተማሪ ቤት የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም ተብሎ ትምህርቱ ያለ ወጪ ነው ማለት አይቻልም። ደብተርና ልብስ፥ የክፍል ኪራይና መብራት፥ ለወር ልማድ የሚያስፈልገው ንጽሕና መጠበቂያ ሁሉ ገንዘብ ይሻል። ከዚህም ሌላ ልጅቱ ከቤት ስትወጣ ውኃ የምትቀዳ፥ እንጨት የምትለቅም፥ ታናናሾቿን የምትጠብቅ እጅ አብራ ትወጣለች። አዝመራ በከፋበት ዓመት አባት ወንዱን ለማስተማር በግ ሲሸጥ፥ ለሴቲቱ ግን ሽማግሌ ሲላክ እሺ ማለት ይቀልለዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች እንዳይፈጸም ከልክሏል፤ ሆኖም ሕግ ይከለክላል እንጂ ኪራይ አይከፍልም።

የትምህርት ድጎማ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኪራዩ ከተከፈለ፥ ደብተሩና ልብሱ ከተገኘ፥ የምትመክራትና ስትቀር የምትጠይቃት አንዲት መምህርት ከተመደበችላት፥ አባት «አልቻልኩም» የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል። እናትም ስለ ልጇ ሽማግሌ በመጣ ጊዜ «ቃል ገብተንላታል፤ ትምህርቷን ትጨርስ» ብላ የምትመልሰው መልስ ታገኛለች።

ለዚህ ምስክር ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በዚሁ በአማራ ክልል «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ በገጠር ተሞክሮ ነበር። ተማሪዎቹ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸው ነበር፤ ሁለቱን ዓመት ሳያገቡ ተከታትለው ለፈጸሙትም ለልጅቱና ለወላጆቿ በአንድነት አንዲት ፍየል ተበርክቷል። ውጤቱ ሲመረመር ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች ካልተረዱት ይልቅ በትምህርታቸው ጸንተው፥ ከጋብቻም ተጠብቀው ተገኝተዋል። ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ግን ከጋብቻ አልመለሳቸውም። በእስያም የባንግላዴሽ መንግሥት በ1986 ዓ.ም. ለገጠር ልጃገረዶች በአገር ደረጃ ድጎማ ሲጀምር፥ ከመቶ 75 የትምህርት ቀን መገኘትን፥ ከመቶ 45 ነጥብ ማግኘትንና አለማግባትን ግዴታ አድርጎ፥ ርዳታውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ አዝልቆታል። ከሁለቱ የምናገኘው ትምህርት፥ ርዳታ በመካከል ከተቋረጠ ልጅቱን ያንኑ በር ዳግመኛ ብቻዋን እንድታንኳኳ የሚተዋት መሆኑን ነው። እጅግ የሚያስፈልጋትም መንደሯን ለቃ ወደ ከተማ በምትወርድበት ጊዜ ነው።

ምርጫውም ማስተዋልን ይፈልጋል። በውጤት ብቻ ከተመረጠ፥ ማታ ማታ የምትፈጭና የምትጋግር ልጅ የማንበቢያ ጊዜ ካላት እኩያዋ ጋር ተወዳድራ ትቀራለች። ስለዚህ መምህራን፥ ካህናትና የቀበሌው እናቶች ተቀምጠው የእያንዳንዷን ኑሮ ቢመረምሩ ፍርዱ ይቃናል።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫና እስከ ጉና ግርጌ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት አያሌ ተማሪ ቤቶች ተዘግተዋል። ተማሪ ቤት በተዘጋ ጊዜ ወንዱ ወደ እርሻ፥ ሴቲቱ ወደ ጋብቻ ትሄዳለች፤ በሩ ዳግመኛ ሲከፈት ወንዱ ሊመለስ ይችላል፥ ልጅ ያቀፈች ሴት ግን መመለሷ ጭንቅ ነው። በደብረ ታቦር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከጉና ግርጌ ለተነሣች ልጅ ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በአራት ዓመት ኪራይና ስንቅ ነው።

ውድ አንባቢያን፥ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄን ሙልሙል በየቤታችን ስንጋግር፥ በብርሃኑ ተስበው በሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘው መውጣታቸውን እናስታውሳለን። ከቤት ወጥቶ የቆየ ልጅ ስንቅ እንደሚደርሰው አባቶቻችን በዚህ አስተምረውናል። በከተማችን ጓሮ ክፍል ተከራይታ የምትማር የባላገር ልጅ ብትኖር ኪራዩን እናቅልላት፤ ማኅበራችንም በወር የሚያዋጣው ጥቂት ብር ለአንዲት ልጅ ደብተርና መብራት ይሁን፤ የጀመርነውንም እስክትፈጽም አናቋርጥባት።