የጡምቱ ስም

አጎቴ ካራማራ ላይ መሞቱን ቤተሰባችን ያውቃል። ለዘመቻ ማን እንደ መረጠው ሲጠየቅ ግን ሁሉም ወሬ ይለውጣል። አጎቴ ይኖርበት ወደ ነበረው ኪራሙ የሄድኩት ይህን ለማጣራት ነው።

አጎቴ ጡምቱ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ። የሠፈሩ ገበሬ ሁሉ የሚያርሰው እሱ በሠራው ማረሻ ነው፤ እሱ ግን የሚያርሰው መሬት አልነበረውም። እጁን የሚፈልገው ጎረቤት ልጁን አይድርለትም። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ገበሬ ማኅበሩ ሲያከፋፍል ለጡምቱም ደረሰው። ሁለት ዓመት እንደ ሰው አረሰ።

ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ታወጀ፤ ማኅበራቱም ሚሊሻ እንዲያዋጡ ታዘዙ። የተመለመሉት ገበሬዎች ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ሰኔ 18 ቀን በአብዮት አደባባይ ተሰለፉ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ።

አንድ ጎረቤቱ «በፈቃዱ ነው የዘመተው፤ መሬት የሰጠውን መንግሥት እንዴት እምቢ ይላል?» አሉኝ። የአጎቴ ሚስት ይህን ስነግራቸው ተቆጡ። «ዘመድ ያለው ቀረ። እሱ ማን ነበረው?»

በመጨረሻ የያኔው የማኅበሩ ኮሚቴ አባል የነበሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ አላስለመኑኝም። «ልጄ፣ ስብሰባው ላይ እጁን ያወጣ አልነበረም። ከኋላ አንዱ የጡምቱን ስም ጠራ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። እሱ ተነሥቶ ዞር ዞር ብሎ አየንና እሺ አለ። እኔም አጨብጭቤአለሁ።»

ነቀምቴ ያገኘኋቸው የጦር ጓደኛው የቀረውን ነገሩኝ። በሶማሊያ ጦር ተይዛ የነበረችው ጅጅጋ ተመልሳ በእጃችን የገባችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ አጎቴ ያን ቀን አላየም፣ ከዚያ በፊት በነበረው ውጊያ ካራማራ ግርጌ ወድቋል።

አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት ዙሪያ በዚያ ጦርነት ከእኛ ጎን ተሰልፈው የሞቱ ኩባውያን መልካቸው ተቀርጿል፤ ውቅያኖስ ተሻግረው ሞተዋልና ይገባቸዋል። የኪራሙው ቀጥቃጭ ስም ግን በአገሩ አንድ ድንጋይ ላይ እንኳ አልተጻፈም።

አጎቴ ለአገሩ መሞቱ እውነት ነው፤ ወገን የለውም ተብሎ መላኩም እውነት ነው። የመጀመሪያውን ስንዘክር ሁለተኛውን አንደብቅ። በዚያ ዘመን በየማኅበሩ ስም የጠሩና ያጨበጨቡ ሰዎች ዛሬም ጥቂት አሉ፤ ሳያልፉ ጠይቋቸው።